ቢጫው ወረቀትና የእትዬ ዘውዴ ሳፋ

ጎረቤትህ «ይኸ በሬ አራሽ ነው» ብሎ ሊሸጥልህ ሲመጣ ጥርሱን ታያለህ፣ ጫንቃውን ትዳብሳለህ፣ ጭራውን ትጎትታለህ፣ በጎን ደግሞ ሚስቱን «እውነት ነው ወይ?» ብለህ ትጠይቃለህ። ከፋብሪካ የመጣ ዕቃ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ስታይ ግን አፍህን ከፍተህ ታምናለህ። ወረቀት ዓይን የለው፤ ሲዋሽ አይሽኮረመምም። እኔ ራሴ አምና «ውሃ አያስገባም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ቦት ጫማ ከማዶ ከመጣ ነጋዴ ገዝቼ ወንዝ ገባሁበት። ጫማው ቃሉን በግማሽ ጠበቀ። የገባውን ውሃ አላስወጣም አለ።

ይኸን የምላችሁ ፈላስፋ ሆኜ አይደለም። ሰባተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ከበለሳ ወርጄ ቆላ የገባሁ፣ ክረምቱን አረም፣ መኸሩን አጨዳ የምውል፣ ወገቤ ከእኔ ቀድሞ ያረጀ ሰው ነኝ። ግን የደከመው ሰው ቁጭ ሲል ያስባል፤ ሌላ ምን ያደርጋል? ሳስበው ታዲያ በቅሎው ትዝ ይለኛል። በቅሎን «አባትህ ማነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ ይባላል። ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ወረቀትም እንደዚያ ነው። አይዋሽም እኮ። አህያው ጋ ሲደርስ ዝም ይላል እንጂ።

እኛ አገር ሰሊጥ የሚገዛ ሰው የጆንያውን አፍ አያይም። አፉ ላይ ያለው ሰሊጥ ሁልጊዜ እንደ ሙሽራ የተነጠፈ ነው። ገዢው ሹል ብረቱን ከጎን ሰክቶ ከሆዱ ያወጣል፣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ እፍ ይልበታል፣ ከዚያ ነው ዋጋ የሚናገር። እንዲህ ያለ ተጠራጣሪ አገር ውስጥ አንድ ቢጫ ወረቀት ካምቦውን በሙሉ እንዴት እንዳንበረከከው ነው የምነግራችሁ።

ካምቦ የምንለው የመንግሥት እርሻው ሠራተኛ የሚያድርበትን ሰፈር ነው፤ ከአብደራፊ ወዲህ። ጎጆዎች አሉ፣ ቆርቆሮ ክሊኒክ አለ፣ መጋዘን አለ፣ ወፍጮ አለ፣ ይኸን ሁሉ የሚያንቀሳቅስ አንድ አሮጌ ሞተር አለ። ክረምት ሲገባ ዋልካው፣ ጥቁሩ የቆላ አፈር፣ መንገዱን ይውጠዋል። መኪና አይመጣም። በሰኔ በበርሜል የገባው ናፍጣ መስከረም እስኪጠባ መብቃት አለበት። ናፍጣ አለቀ ማለት መብራት ጠፋ ማለት ብቻ አይደለም፤ ማሽላው አይፈጭም፣ እኛም ንፍሮ ቆርጥመን አረም እንውላለን ማለት ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ናፍጣ እንደ ጠበል በጠብታ ነው የሚሰጥ፤ ሰጪው ደግሞ አያ ደምሌ ናቸው፣ የሞተሩ ሠራተኛ። ሞተሩን ከልጆቻቸው ይበልጥ ያውቁታል። ሲያስነጥስ «ብርድ መታው» ይላሉ።

እትዬ ዘውዴን ደግሞ ካምቦው በሙሉ ያውቃቸዋል። አጣቢያችን ናቸው። የክሊኒኩ አንሶላ፣ የእንግዳ ማረፊያው ብርድ ልብስ፣ የትራክተረኞቹ ቱታ በእሳቸው እጅ ያልፋል። ባላቸው እዚሁ እርሻ ላይ ሞተው እዚሁ ነው የተቀበሩ። ከወንዙ ዳር ያለችው ጎጆ የተሰጠቻቸው በአጣቢነታቸው ነው፤ ሥራው ከሄደ ጎጆዋም ትሄዳለች፣ የወር ማሽላውም ይሄዳል። ደጋ የቀራቸው ዘመድ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ይኸን ያዙልኝ።

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ መንገዱ ገና ሳይዘጋ፣ በትራክተር ተሳቢ ላይ አንድ ነጭ ነገር ተጭኖ መጣ። መተማ ዮሐንስ ኬላ ላይ የተያዘ ኮንትሮባንድ ነው አሉ። ባለቤቱ ዕቃውን ጥሎ ድንበር አቋርጦ ሱዳን፣ ገላባት ገብቷል፤ ዕቃው ለእርሻችን ተመርቷል። መጀመሪያ ማቀዝቀዣ መስሎን ደስ አለን፤ ቀዝቃዛ ውሃ በዓይናችን ዞረ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው ሲባል የጎጃሙ ሙጬ፣ የአረም ጓዴ፣ ጎኑን በጣቱ አንኳኳና «አሁን ይኸ ከብረት የተሠራ እትዬ ዘውዴ ነው?» አለ።

እትዬ ዘውዴም ቆመው ነበር። «እኔ ነጭ ለብሼ ታውቃለህ?» አሉት። ተሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

ማሽኑ ግንባሩ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ላይ ረጅም መስመር ተሰምሯል፣ መስመሩ ላይ ቀስት አለ፣ ቀስቱ ወደ አንደኛው ጫፍ ተጠግቶ ቆሟል። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ መነጽራቸውን አውጥተው እንግሊዝኛውን አነበቡና ፊታቸው በራ። መስመሩ ማሽን የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው የሚያሳይ አሉ፤ ወዲያኛው ጫፍ ሆዳም፣ ወዲህኛው ጫፍ ጾመኛ፤ የእኛው ማሽን ከጾመኞቹ ወገን ነው። እኔም ጠጋ ብዬ አየሁት። ፊደሉን ማንበብ ችያለሁ፣ ቀስቱም እንዳሉት ነው የቆመው። አነበቡት እንጂ አልፈጠሩትም።

እዚያው ማሽኑ ፊት ቆመው ነገሩን ቆረጡት። «ወረቀቱ እውነት ከሆነ የአጣቢ የሥራ መደብ ይታጠፋል። ናፍጣ የሚፈጅብን ከሆነ ማሽኑ መጋዘን ይገባል። ከጎንደር ገምጋሚ ጓዶች ስለሚመጡ በእነሱ ፊት ይፈተናል።»

በቃ፣ የእትዬ ዘውዴ ጎጆ በቢጫው ወረቀት ላይ ተንጠለጠለች።

ያን ሳምንት አረም ላይ ወሬው ሁሉ ወረቀቱ ይታመናል ወይስ አይታመንም የሚል ሆነ። ሙጬ አይታመንም ባይ ነው። «ማነው የጻፈው? ሻጩ! እኔ ደግሞ ግንባሬ ላይ 'ትንሽ ይበላል፣ ብዙ ያርማል' ብዬ ልለጥፍና ሥራ አስኪያጁ ያምኑኝ እንደሆነ አያለሁ።» አያ ደምሌ ደግሞ የሚቆረቁራቸው ሌላ ነው። «ጸሐፊው ላይዋሽ ይችላል» አሉ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ግን የእኔን ሞተር አያውቀውም። ውሃችንን አያውቀውም። ዋልካውን አያውቀውም። እዚያ አገሩ አንዲት ንጹሕ ሸሚዝ ከትቶ 'ይኸውና ትንሽ በላ' ብሎ ጽፎ ከሆነስ?»

ይኸ ነገር ልቤ ገባ። ምክንያቱም እኛም በእንዲህ ያለ ወረቀት ነው የምንሠራ። የአረም ኖርማችን፣ ማለት አንድ ሰው በቀን ማረም ያለበት የመሬት ልክ፣ እንዴት እንደወጣ ታውቃላችሁ? አንድ የታወቀ ጎረምሳ ተመረጠ። ሥጋ በላ። አረም ያልበዛበት ማሳ ተሰጠው። በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ጓዶች ጥላ ሥር ቆመው እያጨበጨቡለት እንደ ጉድ ሄደበት። ያ ልክ ተጻፈ። ጎረምሳው በማግስቱ ታመመ፣ እኛ ግን ይኸው እስከዛሬ እሱን እያሳደድን ነው፤ አልደረስንበትም። ወረቀቱ ውሸት ነው? አይደለም። ያን ቀን፣ ያ ልጅ፣ ያን ማሳ፣ እውነት አርሞታል።

የፈተናው ቀን ሲደርስ ከየቡድኑ ልብስ ይምጣ ተባለ። አሁን ጉዱን ስሙ።

ከጎንደር ሰው ይመጣል። ልብሳችን በሰው ፊት አንድ በአንድ እየተነሳ ማሽን ውስጥ ይገባል። እስኪ እናንተ ራሳችሁ ብትሆኑ በወር ላብ የደረቀ ሸሚዝ፣ ጭቃ የጠጣ ቁምጣ፣ ምን የነካው እንደሆነ የማይታወቅ ጋቢ እንግዳ ፊት ታወጣላችሁ? ነውር ነው። ድህነት ነውር አይደለም፣ እድፍን ለእንግዳ ማሳየት ግን ያሰድባል። እናቶቻችን እንዲህ አላሳደጉንም። ስለዚህ በዋዜማው ካምቦው በሙሉ፣ ከትራክተረኛ እስከ ጥበቃ፣ ልብሱን ጠቅልሎ እትዬ ዘውዴ ደጅ ተሰለፈ።

ለምን? ለማሽኑ ሊያሳጥብ።

እኔም ሸሚዜን ይዤ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። ማንም ነገሩ አልከነከነውም። ሠርግ ሲጠሩህ ታጥበህ ትሄዳለህ አይደል? ልብሱም ተጠርቷል።

አያ ደምሌ ብቻ ናቸው ሰልፉን አልፈው ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ያሉት። እትዬ ዘውዴ እስከ ክንዳቸው አረፋ ውስጥ ናቸው።

«ዘውዴ» አሉ።

«አቤት።»

«እድፉን ተዪላቸው።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«እንዳለ ይግባ። ማሽኑ ከእድፉ ጋር ይተያይ። ያኔ ሞተሬ ሲያቃስት ይሰማሉ፣ ናፍጣው ሲወርድ ያያሉ፣ አንቺም ጎጆሽ ትቀመጫለሽ። አሁን እኮ በገዛ እጅሽ ቤትሽን እያጠብሽ ነው።»

እትዬ ዘውዴ አንድ ቱታ አንስተው አንገቱን በሁለት እጃቸው ፈተጉት። እስኪነጣ ጠበቅን።

«አያ ደምሌ፣ እኔ ያጣቢ ነገር ነው የማውቅ» አሉ። «ይኸን ሁሉ ዓመት አጥቤ፣ መጨረሻዬ ነው በተባለበት ቀን ካምቦዬን አሳድፌ ለጎንደር ሰው ላስረክብ? 'አጣቢ ነበረቻቸው፣ ተመልከቱ' ይባልልኝ? አላደርገውም። ያ ውሃ ቢቀርብልኝ ይሻላል።»

አያ ደምሌ ውሃውን አቀረቡላቸው። ሌላ ምን ያደርጋሉ።

በማግስቱ ጓዶቹ መጡ። ማሽኑ የክሊኒኩ በረንዳ ላይ ቆመ። ውሃውን ከወንዝ በጀሪካን በትከሻችን አምጥተን ሞላን፤ ወረቀቱ ስለ ትከሻ የሚለው ነገር የለም። አያ ደምሌ የናፍጣውን ጋን በእንጨት ለክተው ምልክት አደረጉ። ልብሱ ገባ። ሞተሩ ተነሳ። ማሽኑ እንደ ጠገበች ድመት እር እር እያለ አሽከረከረ። ትንሽ ቆይቶ ውሃው በጎማው ሲወጣ ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ውሃው ኩልል ያለ ነው። ብትጠጣው አታፍርበትም። እንጨቱ ተመልሶ ጋኑ ውስጥ ሲገባ ናፍጣው ምልክቱን ለቅቆ የሄደ አይመስልም።

ተጨበጨበ። ከጎንደር ከመጡት አንዱ ሸሚዜን ከማሽኑ አውጥቶ ለፀሐይ ዘረጋውና «ይኸውላችሁ፣ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው በተግባር ተረጋገጠ!» አለ። ያ ሸሚዝ ከተገዛ እንደዚያ ነጥቶ አያውቅም። እትዬ ዘውዴ ከበረንዳው ወዲያ፣ ከሴቶቹ ጋር ቆመው፣ አንገትጌውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሥራቸው እንዳማረ ሰው። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ውሳኔው በቀትር ተነገራቸው። መደቡ ታጥፏል፤ መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ በመጀመሪያው መኪና ይሳፈራሉ፤ እስከዚያ ጎጆዋ ውስጥ መቆየት ይችላሉ። «ወዴት ነው የምሳፈረው?» ብለው ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም። መሬት መሬት አዩ።

ሐምሌ ገባ። እውነተኛው ልብስ መጣ።

ዋልካ አታውቁም እንደሆነ ልንገራችሁ። ጭቃ አይደለም። ጭቃ ሲደርቅ ይራገፋል። ዋልካ ሲደርቅ የልብሱ ዘመድ ይሆናል። በላዩ የትራክተረኛ ግራሶ ጨምሩበት። ይኸን ሁሉ ማሽኑ ውስጥ ዶልነው ሞተሩ ሲነሳ፣ ማሽኑ አንዴ እህ አለ፣ ሁለት ጊዜ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ቆሞ በጥቁሩ ውሃ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወፍጮ ቤቱ ያለው አምፖል ደክሞ ቀላ። አያ ደምሌ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ወጡ። «ልጄን ገደላችሁት!»

አንዴ አሽከርክሮ ስለማያጠራው ደገምነው፤ አሁንም ደገምነው። ከሆዱ ጭቃ በአካፋ ሲወጣ ሙጬ አይቶ «አረም ብንዘራበት ያበቅላል» አለ። ናፍጣው እንደ ወንዝ ወረደ። ነሐሴ ሳይጋመስ ወፍጮው በፈረቃ ሆነ፤ ቀጥሎ ፈረቃውም ቀረ። እኛም የፈራነውን ንፍሮ እየቆረጠምን ኖርም ማሳደዱን ቀጠልን። እትዬ ዘውዴ ጎጆአቸው ደጅ ተቀምጠው፣ እጃቸው ሥራ አጥቶ፣ በማሽኑ ሦስቴ ተሽከርክሮ ሳይጠራ የተሰጣውን አንሶላ ከሩቅ ያያሉ። አንድ ቀን አላስቻላቸውም፤ ከገመዱ አውርደው በሳፋ አጥበው መልሰው ሰቀሉት። ማንም አልጠየቃቸውም። የከለከላቸውም የለም።

በመጨረሻ ኮሚቴ ተቀመጠ። አዳራሽ ስለሌለን መጋዘኑ ውስጥ፣ ሁላችንም ባለንበት። እኔ የጠበቅሁት ቀላል ነገር ነበር፤ «ወረቀቱ አታለለን፣ ማሽኑ መጋዘን ይግባ፣ እትዬ ዘውዴ ይመለሱ» ይባላል ብዬ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው እንዲህ ነው የሚያስብ።

ሥራ አስኪያጁ ተነስተው ወረቀቱ በበላይ ጓዶች ፊት ተፈትኖ መረጋገጡን አስታወሱን። የተረጋገጠ ነገር ደግሞ ስህተት ሊሆን አይችልም። ማሽኑም ያው ማሽን፣ ሞተሩም ያው ሞተር ነው። ታዲያ ከሰኔ ወዲህ የተለወጠው ምንድን ነው?



«ልብሱ ነው» አሉ።

ልብሳችን ላይ ሂስ ቀረበበት። በሰኔ የነበረውን ንጽሕና አልጠበቀም። ማሽኑ ከተሠራበት ልክ በላይ ያደፈ ነው። አንዱ ትራክተረኛ ተነስቶ ስለ ቱታው ግለ ሂስ ሁሉ አደረገ። አያ ደምሌ እጃቸውን አወጡ፤ ሳቃቸውን ሊደብቁ አፋቸውን በጨርቃቸው እየጠረጉ «ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ እንግዲያ ልብሱ ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ቢታጠብ መፍትሔ ይሆናል ወይ?» ብለው ጠየቁ።

ሥራ አስኪያጁ ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። እንደገባቸው እምላለሁ። እንዳልገባቸው ለመምሰል ደግሞ ምን ያህል እንደደከሙ አይቻለሁ፤ ሰው ሲደክም አውቃለሁ። «ገንቢ ሐሳብ ነው» አሉ።

እትዬ ዘውዴ ወደ ሥራ ተመለሱ። በአዲስ መደብ ነው፤ አጣቢ አይባሉም፣ አጣቢው ማሽኑ ነው። እሳቸው «የቅድመ እጥበት ሠራተኛ» ናቸው። ጎጆዋ ጸናች። መስከረም ላይ የመጀመሪያው መኪና ሰሊጥ አጫጆች አራግፎ ባዶውን ተመለሰ። አሁን ልብሱ በሳፋ ይነከራል፣ ይታሻል፣ ይለቀለቃል፣ ከዚያ ነጥቶ ወደ በረንዳው ይሄድና ማሽኑ ትንሽ ያሽከረክረዋል። ናፍጣው ምልክቱን አይለቅም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቢጫው ወረቀት ይታያል፣ ሙከራ ይደረጋል፣ እውነትነቱ ይረጋገጣል። እኔም ብትጠይቁኝ፣ አዎ፣ እውነት ነው እላለሁ። ትንሽ ነው የሚበላው።

ባለፈው ከሥራ ስመለስ እትዬ ዘውዴን በረንዳው ጥግ፣ ከማሽኑ ጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጠጋ ብዬ ያንገበገበኝን ተናገርኩ።

«እትዬ፣ አንቱ ለፍተው እሱ ይመሰገን? አይናደዱም?»

«በማን ልናደድ ልጄ?» አሉ፣ የእጃቸውን አንጓ እያሹ። «ይልቅ አንድ ነገር ልንገርህ። ይኸ ነገር ማጠቡን አይችልበትም። ብርድ ልብስ ሲጨምቅ ግን ጎበዝ ነው። እኔ ብርድ ልብስ ስጨምቅ እጄ ሌሊቱን ሙሉ ነበር የሚነዘንዘኝ፤ አሁን እሱ ይጨምቅልኛል፣ እኔ እተኛለሁ።»

ተነስቼ ቢጫውን ወረቀት እንደገና አነበብኩት፤ ከላይ እስከ ታች። ስለ መጭመቅ አንድም ቃል የለበትም።